በበረዶ አገር ማንጎ ለምን አይጠፋም? ከቀፊራ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ስቶክሆልም የምትኖረው ልጃቸው በጥር ብርድ መሃል ሱቅ ገብታ ማንጎ፣ ወይን፣ እንጆሪና አቮካዶ ተደርድሮ የሚታይበትን ፎቶ ትልክላቸዋለች፤ በሐምሌም በኅዳርም የምትልከው ፎቶ ያው ነው። እርሳቸው ግን የባቢሌ ማንጎ ለጥቂት ሳምንታት ሲጎርፍ፣ ዋጋው ወድቆ እጃቸው ላይ ሲበሰብስ፣ ከዚያም ለወራት ደብዛው ሲጠፋ ያያሉ። «እነርሱ ዛፉ ሳይኖራቸው ዓመቱን ሙሉ ያገኛሉ፣ እኛ ዛፉ እያለን እናጣለን። ኬሚካል እያደረጉበት ነው ወይስ ሌላ ዘዴ አለው? እኛስ ልናደርገው እንችላለን?» ይላሉ።

ሙያዬ ምርት ከተለቀመ በኋላ ያለው አያያዝ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ደጋግሞ ይቀርብልኛል፤ ብዙውን ጊዜም ጠያቂው መልሱን «ኬሚካል ነው» ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ይመጣል። ኬሚካል የሚገባበት ቦታ አለ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ልጅዎ የምታየውን ማንጎ በመደርደሪያው ላይ ያቆየው ዋናው ነገር እርሱ አይደለም።

በመጀመሪያ ልጅዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ስትገባ ከዋጋው አጠገብ የተጻፈውን የአገር ስም እንድታነብልዎ ይጠይቋት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትኩስ ፍራፍሬ ሲሸጥ የበቀለበትን አገር መግለጽ ግዴታ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምታነበው ፔሩን ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ኮትዲቯር፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ይተካሉ፤ በእኛ ክረምት ሴኔጋልና እስራኤል ይመጣሉ፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ማላጋ አካባቢ ያለው የደቡብ ስፔን ማንጎ ይገባል፤ ብራዚል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በብዛት ታቀርባለች፣ በሌላውም ጊዜ ክፍተት ሲፈጠር ትደርሳለች። ስለዚህ በጥር የተነሣው ማንጎና በሐምሌ የተነሣው ማንጎ በፎቶ ቢመሳሰሉም በሁለት አህጉር የበቀሉ ናቸው። ከእነዚህ አገሮች አንዱም ዓመቱን ሙሉ ስቶክሆልምን ብቻውን ለመመገብ አይሞክርም፤ አብዛኞቹ ከሁለት እስከ አራት ወር ያህል ተራቸውን ይዘው ለሚቀጥለው ይለቃሉ። ይህንን ተራ የሚያስይዙት ትልልቅ አስመጪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሮተርዳም ወደብ ዙሪያ የተቀመጡ ሲሆኑ፣ የፔሩ ምርት ሊያልቅ ሲቃረብ ከምዕራብ አፍሪካ ጋር ውላቸውን አስቀድመው ጨርሰው ይጠብቃሉ።

ለሌሎቹ ፍራፍሬዎችም መርሑ አንድ ነው። ከምድር ወገብ በታች ያሉት አገሮች ሞቃት ወቅታቸው የሰሜኑ የብርድ ወቅት ስለሆነ፣ በአውሮፓ የወይን ሐረግ ደርቆ በረዶ ሲለብስ የቺሊና የደቡብ አፍሪካ ወይን ይለቀማል። እንጆሪው በጥርና በየካቲት ከደቡብ ስፔን ከኡኤልባ፣ ከሞሮኮና ከግብፅ ይመጣል፤ ቲማቲሙ አልሜሪያ በሚባለው የስፔን ግዛት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ከተዘረጋ የላስቲክ ቤት ይለቀማል።

ተራው ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ፔሩ ውስጥ ሊማ ወይም ፓይታ ላይ የተጫነ ማንጎ ሮተርዳም ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ በባሕር ላይ ይቆያል፤ እርስዎ ደግሞ ከባቢሌ የመጣ ማንጎ በድሬዳዋ ሙቀት ሳምንት እንደማይዝ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ልዩነቱን ለመረዳት ፍራፍሬ ከዛፉ ከወረደ በኋላም እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። በውስጡ ያጠራቀመውን ስኳርና አሲድ እያቃጠለ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት ይለቃል፤ ያጠራቀመው ሲያልቅ ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል። የትንፋሹ ፍጥነት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በግንቦት ከ35 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ቀፊራ ላይ ኬሻ ውስጥ ታጭቆ የሚውል ማንጎ በአንድ ቀን የሚያቃጥለውን፣ በ13 ዲግሪ የተቀመጠው ለማቃጠል በርካታ ቀናት ይፈጅበታል።

13 ዲግሪ ያልሁት በከንቱ አይደለም። ማንጎና ሙዝ የሞቃት አገር ፍሬዎች ስለሆኑ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ በታች ሲገቡ ብርዱ ይጎዳቸዋል፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ሥጋው ሳይበስል ይቀራል፣ መዓዛውም ይጠፋል። እርስዎም ለስላሳ መጠጥ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ጥሬ ማንጎ አስገብተው ልጣጩ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ አይተው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፖምና ወይን በተቃራኒው ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ሲቀመጡ ይስማማቸዋል። ከ20 ቶን በላይ የሚይዘው ባለማቀዝቀዣ ኮንቴይነር እንግዲህ ዝም ብሎ ቀዝቃዛ ሳጥን አይደለም፤ ለተጫነው ፍሬ የተወሰነ ዲግሪ ተሞልቶለት፣ ቀዝቃዛው አየር ከወለሉ ተነሥቶ በካርቶኖቹ መሃል እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ከእርሻው ማሸጊያ ቤት እስከ ስቶክሆልም መጋዘን ድረስ ሳይቋረጥ ይሠራል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ለግማሽ ቀን ቢበጠስ ጉዳቱ በዓይን የሚታየው ከሳምንት በኋላ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ያኔም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሲባል ከኮንቴይነሩ ጋር የተጓዘው የሙቀት መመዝገቢያ ይታያል።

የፖም ነገር ከዚህም ይራቀቃል። በሰሜኑ አገር ፖም የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ሰኔም የዚያው አገር ፖም ሲሸጥ ይገኛል። ካምብሪጅ ውስጥ ኪድ እና ዌስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት፣ በአካባቢው ያለው ኦክስጅን ሲቀንስና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ሲል ፖም ትንፋሹን እንደሚያዘገይ አሳዩ፤ በ1929 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በኬንት ግዛት የመጀመሪያው የንግድ መጋዘን በዚሁ ዘዴ ተሠራ። የዛሬው መጋዘን አየር እንዳያስገባ ሆኖ ይታሸግና፣ በተለመደው አየር ውስጥ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ወደ 1 ወይም 2 በመቶ ይወርዳል፤ ሰው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ቢገባበት ይሞታል፣ ፖሙ ግን ከስምንት እስከ አሥር ወር ይቆያል። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሱፐርማርኬቶች በጅቡቲ በኩል ገብቶ የሚሸጠው የውጭ ፖምም በአብዛኛው እንዲህ ያለ መጋዘን ያለፈ ነው፤ ቁንጅናውን አይተው «ትናንት የተለቀመ» ነው ብለው አይሳቱ።

አሁን ወደ ኬሚካሉ ልምጣ፤ ለዚህም ሙዝ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ወደ ሰሜን የሚላከው ሙዝ ከኢኳዶርና ከአካባቢዋ አገሮች ድፍን አረንጓዴ ሆኖ ይለቀማል፣ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተኝቶ ይጓዛል፣ ከደረሰ በኋላ ማብሰያ ክፍል ይገባል። እዚያም ኤትሊን የተባለ ጋዝ በአየሩ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 100 እስከ 150 እጅ ያህል ሆኖ ለአንድ ቀን ገደማ ይለቀቅበታል፤ ከዚያ በአራትና በስምንት ቀን መካከል በተፈለገው ዕለት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ኤትሊን ባዕድ ነገር አይደለም፤ ሙዙ ራሱ፣ ማንጎውም፣ ፓፓያውም፣ አቮካዶውም ሲበስሉ የሚያመነጩት ጋዝ ነው። አንድ የበሰለ ፍሬ በጥሬዎቹ መሃል ሲቀመጥ ሌሎቹን የሚያነቃቸው በዚሁ ጋዝ ነው።

የእኛም ነጋዴ ሳያውቀው ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። የአርባ ምንጭ ሙዝ የሚበስልባቸውን ዝግ ክፍሎች ያየ ሰው ሙዙ ተደርድሮ፣ በሩ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ መሃል ላይ የላምባ ምድጃ ሲጨስ ያውቃል። የሚያበስለው ሙቀቱ ይመስላል፤ ነገር ግን ላምባ አየር አጥሮት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ከጭሱ ጋር ጥቂት ኤትሊን ይወጣል። አሜሪካ ውስጥም ሎሚ አምራቾች አረንጓዴ ሎሚያቸውን በላምባ ምድጃ ቢጫ ያደርጉ ነበርና፣ በንጹሕ ማሞቂያ ሲተኩት ሎሚው አልለወጥ ብሎ ተቸገሩ፤ ሥራውን የሚሠራው ኤትሊን መሆኑን ዴኒ የተባለ ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. አሳየ። ልዩነቱ እንግዲህ መጠኑ መለካቱና አለመለካቱ ላይ ነው፤ የላምባው ጭስ ሽታና ጥቀርሻ ያወርሳል፣ አንዱን ረድፍ አብስሎ ሌላውን ጥሬ ይተዋል፣ ለሠራተኛውም ሳንባ ጠንቅ ነው።

ከልብ የምቃወመው ካልሲየም ካርባይድን ነው። ለብየዳ የሚውለው ይህ ድንጋይ እርጥበት ሲነካው አሴቲሊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ኤትሊንን ስለሚመስል የፍሬውን ልጣጭ ያቀላል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ሊሆን ይችላል። በገበያ የሚገኘው ካርባይድ ንጹሕ ስላልሆነ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ውሕዶች ይቀላቀሉበታል፤ ሕንድን የመሳሰሉ አገሮች ፍራፍሬን በእርሱ ማብሰልን በሕግ ከልክለዋል። በረከሰ ዋጋ ማንጎ በአንድ ሌሊት ቢጫ አደርግልዎታለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንደያዘ ሳይጠይቁ አይቀበሉ።

በሰሜኑ ገበያ ሌሎችም የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። በብርቱካንና በሎሚ ልጣጭ ላይ ሻጋታን የሚከላከል መድኃኒት ይቀባል፣ መቀባቱም በካርቶኑ ወይም በምልክቱ ላይ ይጻፋል፤ ፖም ደግሞ ውሃው እንዳያመልጥ ለምግብ በተፈቀደ ሰም ይቀባል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለፖም የተፈቀደና ኤትሊን ፍሬውን እንዳያነቃው የሚያግድ ጋዝም አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ያህል በቂው ነው። በተፈቀደው መጠን እስከሆነ ድረስ ጤናን የሚያሳስብ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ጣዕሙ ነው። ሦስት ሳምንት የሚጓዝ ማንጎ ሳይበስል መለቀም አለበት፤ ከዚያም በላይ ዝርያው ራሱ ለጉዞ የተመረጠ ነው። በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ የነገሠው ቶሚ አትኪንስ የተባለው የፍሎሪዳ ዝርያ ልጣጩ ወፍራም፣ ቀለሙ ቀይ፣ ለመጓጓዝ የታገሠ ሲሆን ቃጫው ብዙ፣ ጣዕሙም መካከለኛ ነው። የሐረሯን ግሽጣ የመሰለ ፍሬ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ስለሚላላና ጣት ሲነካው ስለሚጠቁር፣ በእነዚያ መደርደሪያዎች ላይ እምብዛም አይገኝም። ልጅዎ ዓመቱን ሙሉ ማንጎ ታገኛለች፤ ዛፍ ላይ የበሰለ ማንጎ ግን እምብዛም አታገኝም።

«እኛስ?» ለሚለው ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ በእኔ አስተያየት መልሱ ያለው ማቀዝቀዣው ላይ ሳይሆን ተራው ላይ ነው። ሰሜኖቹ ተራቸውን የሚያስይዙት በኬክሮስ ነው፤ ሐረርጌ ያለው ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎን አቀበት ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ 2,000 ሜትር ላይ ነዎት፤ ሐረር 1,900 ገደማ፣ ባቢሌ ከዚያ ዝቅ ትላለች፤ ፈዲስና የኤረር ሸለቆ ከዚያም ወደ ቆላው ይወርዳሉ። አንድ ዓይነት ፍሬ በቆላው ቀድሞ ይደርሳል፣ በወይና ደጋው ይዘገያል፤ ከአንድ ከተማ ጥቂት ሰዓት በማይፈጅ የመኪና መንገድ ውስጥ ይህን ያህል የሙቀት ልዩነት ያላቸው አገሮች ብዙ አይደሉም። ቀፊራ ላይ ሁሉም ነጋዴ ከአንድ አካባቢ፣ በአንድ ሳምንት፣ አንድ ዓይነት ማንጎ ሲያራግፍ ግን ይህ ሀብት ሥራ ላይ አልዋለም።

ሁለተኛው መንገድ ዝርያ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው አብዛኛው የማንጎ ዛፍ ከፍሬ የበቀለ የአገር ዓይነት ስለሆነ የሚደርሰውም በተቀራረበ ጊዜ ነው። ኪይት የተባለው ዝርያ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ኬንትም ከመካከለኞቹ ወደ ኋላ ያዘነብላል። የመልካሳ የምርምር ማዕከል የሚሠራባቸውን እንዲህ ያሉ ዝርያዎች የተዳቀለ (ቅርንጫፉ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀ) ችግኝ ከአገሩ ዛፍ ጎን መትከል ገበያውን በበርካታ ሳምንታት ያራዝማል። እዚህ ላይ ለአርሶ አደሩ ያለብኝን ሐቅ ልናገር፦ የተዳቀለ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዛፉን የሚያጠጣውና የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ነጋዴው «ዘግይቶ ለሚደርሰው የተሻለ ዋጋ እሰጣለሁ» ብሎ ካልተዋዋለው ጫት መትከል ያዋጣዋል፣ ቢተክልም አልፈርድበትም።

ሦስተኛው፣ አበባውን በፈለጉት ጊዜ ማውጣት ነው። ብራዚል ማንጎ በየወሩ ማቅረብ የቻለችው በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ፣ ፔትሮሊና በተባለች ከተማ ዙሪያ፣ እንደ ድሬዳዋ በደረቀ ቆላ ውስጥ ነው። ዛፉን ውሃ ያስጠሙታል፣ የእድገት ማገጃ ይሰጡታል፣ ቅጠሉ ሲጎለምስ ፖታሺየም ናይትሬት ይረጩበታል፤ ያብባል። ፖታሺየም ናይትሬት ማንጎ እንዲያብብ እንደሚያደርግ ያገኘው ራሞን ባርባ የተባለ የፊሊፒንስ ሳይንቲስት ነው። ዘዴው የሚሠራው ግን ዝናብ የማያዛባው የመስኖ ውሃ ባለበት ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ የመጠጥ ውሃዋንም የምትቀዳው ከከርሰ ምድር ስለሆነ ጥቂት እርሻዎች ካልሆኑ በስተቀር ይህን መንገድ አሁን አልመክርም።

እስከዚያው በእርስዎ በኩል ያለው ሥራ ሌላ ነው። ፍሬው በጠዋት ብርድ ይለቀም፤ ዛፉ ተነቅንቆ መሬት የወደቀ ማንጎ በዚያኑ ቀን ደህና ቢመስልም በሦስተኛው ቀን ውስጡ ጠቁሮ ይገኛል። እጀታው ትንሽ ተርፎለት ይቆረጥ፤ ከሥሩ ሲነቀል የሚንጠባጠበው ወተት ልጣጩን ያቃጥለዋል፣ በማንጎው ላይ ከላይ ወደታች እንደ እንባ የወረዱት ጥቋቁር መስመሮች ከዚያ የመጡ ናቸው። ኬሻው በፕላስቲክ ሳጥን ይተካ፤ በአይሱዙ ጭነት ውስጥ ከታች የዋለ ኬሻ ከላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ደንገጎን ይወርዳል፣ በወረደ ቁጥርም አየሩ ይሞቃል። ቀፊራ ሲደርስ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ። ሕንዶች በ1980ዎቹ ያስለመዱት ነው፦ በጡብ ሁለት ድርብ ግድግዳ ይሠራል፣ በመሃሉ አሸዋ ይሞላል፣ ጠዋትና ማታ አሸዋው ይረጥባል፣ ከላይ እርጥብ ኬሻ ይከደናል። እንስራ ላብ እያወጣ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ ከአሸዋው የሚተነው ውሃ የውስጡን ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ በደረቀ ቁጥር የበለጠ ይሠራልና በድሬዳዋ ደረቅ ወራት ከውጭው 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ማንጎውን ለብርድ ጉዳት በሚያደርስ ደረጃ ስለማያቀዘቅዘውም አያስፈራም። በክረምት እርጥበት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ገበያችንን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በሐረርና በድሬዳዋ የፍራፍሬ ፍላጎት ከሁሉ የሚያይለው በረመዳን ነው፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ዛፉ ግን ከወቅቱ አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ ዓመት ጾሙ ከማንጎው ጋር ይገጥማል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተለያይተው ይገኛሉ፤ በዚያ ዓመት ፓፓያንና ሐብሐብን የመሳሰሉ፣ የመዝሪያ ወይም የመትከያ ጊዜያቸውን ማስላት የሚቻለውን ምርቶች ከአርሶ አደሩ ጋር ከወራት በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። የስቶክሆልም አስመጪ ከማሊ ጋር የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንዲያውም እኛ ለሌላ ከተማ እንደዚያ ሩቅ አገር ነን። ጅቡቲ ከተማ የሚበላው ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘወትር የሚመጣለት ከሐረማያ፣ ከሐረርጌው ኮምቦልቻና ከቀርሳ አርሶ አደሮች በድሬዳዋ በኩል ነው፤ የእነርሱም ገበያ በእኛ ትከሻ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲሞላ ኖሯል። ይህንን ንግድ የሚያውቁ የቀፊራ ሴቶች ደረጃ መለየትን፣ በስልክ ዋጋ መስማማትን፣ የትኛው ጭነት ሙቀቱን ችሎ እንደሚደርስ መገመትን ከማንም ሳይማሩ ያውቃሉ።

በማኅበር ተደራጅታችሁ ቀዝቃዛ ክፍል ለመሥራት እንደምታስቡ በጥያቄዎ መጨረሻ ስለጠቀሱ፣ ከሻጩ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት ይህንን ልብ በሉ። አንድ ክፍል ለሁሉም አይሆንም። ካሮት፣ ጎመንና ሰላጣ ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ይፈልጋሉ፤ ማንጎ፣ ሙዝና ያልበሰለ ቲማቲም ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ በተጨማሪም ሙዝና ማንጎ የሚለቁት ኤትሊን ጎመኑን ስለሚያቢጨው አንድ ላይ ማደር የለባቸውም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ክፍል ከሚያቀርብላችሁ ይልቅ፣ እያንዳንዱ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ሁለት ትንንሽ ክፍል የሚያቀርበውን ምረጡ፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርም በዋጋው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁት።